ሮክ አንድ፣ ሮክ ሁለት

ይሄን ታሪክ ለሰው ሳወራ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ግን ካወራሁት በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ ይከርማል።

2010 ዓ.ም. ነው፣ የኢድ ማግስት ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ። አንድ ሆቴል ጓሮ ዶልፊናችንን አቁመን ዕቃ እያወረድን ነው። ገና ግማሹን ሳናወርድ ሥራውን የሰጠን ሰውዬ ከውስጥ ወጣ፣ ዕቃውን ዞር ዞር ብሎ አየና "ልጆች፣ ይሄ ሁሉ ምንድነው?" አለን። ድራም ነው ጋሼ፣ ይሄ የቤዝ አምፕ ነው፣ ያ የጊታር ነው ምናምን እያልን እናስረዳለን። "እኔ እኮ የጠራሁት ልጅቷን ነው" አለ፣ ሳይቆጣ፣ በጣም በሰላም። "ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ አለኝ፣ እሱ ያጅባታል። እናንተ አብሽሩ፣ አበላችሁን አልከለክልም፣ እራት ብሉ፣ እደሩ፣ ነገ ይዛችኋት ትመለሳላችሁ።"

ድምፃዊያችን ተናደደች ግን ቃሏን መጠነችው። "ጋሼ፣ እኛ እኮ የምንጫወተው ሮክ ነው፣ በኪቦርድ ብቻ አይሆንም፣ ይረዱን" አለችው። ሰውዬው ምንም አልመሰለውም፣ ወደ ውስጥ ዞሮ "አንተ! ሮክ አለህ?" ብሎ ተጣራ። ልጁ መድረኩ ላይ ገመድ እየሰካ ነበር፣ ኪቦርዱን አበራና ኪሱ ውስጥ ሳንቲም እንደሚፈልግ ሰው ቁልፎቹን መነካካት ጀመረ፣ ትንሽዬዋ ስክሪን ላይ ስሞቹ ያልፋሉ፣ ዋልትዝ፣ ሬጌ፣ ዲስኮ... ከዛ ቆመ። "አለ ጋሼ! ሮክ አንድ አለ፣ ሮክ ሁለትም አለ።" ተጫነው። ድራሙ፣ ቤዙ፣ ጊታሩ፣ ሁሉም ባንዴ ከስፒከሩ ወጣ። እኔ፣ ድራመሩ፣ ሁለቱ ጊታሪስቶች፣ አራታችንም እዛች ሳጥን ውስጥ ነበርን። ሪትሙ ደግሞ ውልፍት አይልም፣ እውነት ለመናገር ከኛ ድራመር ይሻል ነበር።

እዛ ለመድረስ

እንዴት እንደጀመርን ብዙም አላወራም፣ የሁሉም ባንድ አጀማመር ያው ነው፣ የሆነ ሰው ቤት ሰርቪስ ክፍል ይኖራል፣ የሆነ ሰው አጎት ከአሜሪካ ጊታር ያመጣል፣ ጎረቤት ያማርራል። እኔ ቤዝ ያዝኩ ምክንያቱም ሁለቱ ጊታሮች ተይዘው ነበር። በዛን ጊዜ ሮክ እንጫወታለን ማለት ትንሽ ቀለል ብሎ ነበር፣ ጃኖ ባንድ በፈረንጆቹ 2012 ኤርታሌ የሚለውን አልበም ከአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ከቢል ላስዌል ጋር ሠርተው ካወጡ በኋላ ቢያንስ ቤተሰብ "ሮክ ምንድነው?" ብሎ መጠየቁን ትቶ "እንደ ጃኖዎቹ?" ማለት ጀምሮ ነበር። አዎ እንላለን፣ እንደነሱ። ባንመሳሰልም።

የቤዝ ክር መቀቀል የሚባል ነገር አለ፣ የማያውቅ ሰው ሲሰማ ቀልድ ይመስለዋል። የቤዝ ክር ሲያረጅ ድምፁ ይሞታል፣ አዲስ ክር ደግሞ ዋጋውም አይቀመስ፣ ብር ኖሮህም ሱቁ ላይ ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ አራቱን ክር ትፈታና ጠቅልለህ ውሃ ውስጥ አስር ደቂቃ ምናምን ታፈላዋለህ፣ ላቡና ቆሻሻው ይለቃል፣ ታደርቀዋለህ፣ ለሳምንት አዲስ ይሆናል። እናቴ መጀመሪያ ቀን ድስቱን ከፍታ ስታየው አማተበች። ከዛ በኋላ እጀታው የተነቀለ አንድ አሮጌ ድስት ለይታ "ይሄ የሽቦህ ነው፣ የኔን እንዳትነካ" አለችኝ። ድስቱ አሁንም ከምድጃው ስር አለ።

ያሳደገን ነገር አንድ ቪዲዮ ነው። ባቲን በዲስቶርሽን ተጫወትነው፣ ማለት ቅኝቱን አልነካነውም፣ ጊታሩን ግን እስኪያቃስት ከፍተነው፣ ድራመሩ ቺክቺካውን አልለቅም ብሎ ከስር እየገረፈ፣ እሷ ደግሞ ከላይ በጣም በቀስታ እየዘፈነች። ሰው ወደደው፣ ሼር ተደረገ፣ ኮሜንት ላይ ግማሹ "ባህላችንን አበላሻችሁ" ይላል፣ ግማሹ "ዋው" ይላል፣ ለኛ ሁለቱም ያው ነው። ከዩቲዩብ እናገኛለን ብለን የጠበቅነው ብር ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። የመጣው ስልክ ነው። ካፌ ይደውላል፣ ምርቃት ይደውላል፣ አንዳንዴ የባህል ተቋማቱ፣ ከዛ ከክልል መደወል ተጀመረ። የኮምቦልቻው ሰውዬ ቪዲዮውን አይቶ ነው የደወለው፣ ቀብድም ልኳል፣ ስለዚህ ወሎን በባቲ ልናስጨፍር ነው ብለን ደረታችንን ነፍተን ነው የሄድነው። ባቲ ከተማዋ ከኮምቦልቻ በቅርብ ርቀት ናት እኮ፣ አምባሰልም እዛው ወሎ ነው፣ አገሩ ድረስ ይዘንለት መሄዳችን ነበር።

መንገድ ላይ

ቱር ሲባል ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር ነው። የኛ ቱር ማለት ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስቶ ድራሙን ጣሪያ ላይ በሸራ ጠቅልሎ ማሰር፣ ከዛ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም፣ ዋሻውን አልፈህ ቁልቁል ስትወርድ ጃኬትህን እያወለቅህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ሙቀት ነው። ሾፌራችን የራሱ ካሴት እንጂ የኛን አይከፍትም ነበር። ኬላ ላይ ፈታሾቹ የሚያቆሙን ለአምፑ ነው፣ አንዴ አንዱ ፈታሽ "ክፈተው" አለኝ፣ ጀርባውን በመፍቻ ፈታሁለት፣ በባትሪ ውስጡን አየና "ባዶ ነው እኮ፣ ለምን ይከብዳል?" ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ። ማግኔት ነው ብለው አላመነኝም።

ዕቃ መሸከም ላይ ባንዱ ውስጥ ክርክር አያልቅም። ድራመሩ ሁሌም "የኔ ይበልጣል" ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ድምፃዊዋ ማይክ ብቻ ነው ያላት፣ ሆኖም ስታንዶቹን እሷ ነበረች የምትይዘው፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ቤት ውስጥ ሰምተህ ታልፈዋለህ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ ሊፍቱ ሲበላሽ ነው የሚገባህ። የማንወደውን ሰው ያወቅነውም መንገድ ላይ ነው፣ የምንወደውንም። አንደኛው ጊታሪስት ምሳ ላይ ሂሳብ ሲመጣ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ስሙን አልጠራም፣ ካነበበው ያውቀዋል።

ያን ቀን ሸዋ ሮቢት ቆመን ማንጎ እየበላን ስለ ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ያወራነው ትዝ ይለኛል። የይፋት ልጅ ነው ጌታቸው፣ ከዛው አካባቢ። ጊታሪስቱ ስልኩ ላይ የሆነ ቪዲዮ ከፍቶ ጌታቸው ከፈረንጆች ጋር ሳክስፎኑን ሲያስጮኸው አሳየን። ፈረንጆቹ ጃዝ ተጫዋች አይመስሉም፣ ጊታሩን እንደተጣላቸው ነው የሚመቱት። "እነማን ናቸው?" "የሆላንድ ፓንኮች ናቸው፣ ጩኸት የበዛበት ሮክ ነው የሚጫወቱት፣ ዘ ኤክስ ይባላሉ።" ኔትወርኩ ተቋረጠ፣ ማንጎውን ጨርሰን ተነሳን።

ያ ምሽት

ወደ ኮምቦልቻ ልመለስ። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይሄን ደጋግሜ የምለው ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ስለነበር ነው። ውል የሚባል ወረቀት አልነበረንም፣ በስልክ ነው የተነጋገርነው፣ እሱ "ዘፋኟ" ሲል እኛ "ባንዱ" ብለን ነው የሰማነው። ድምፃዊያችን ጓሮ ጠርታን "ካላችሁ እመለሳለሁ፣ አሁኑኑ እንሂድ" አለች። ቀብዱ ግን ለዶልፊኑና ለናፍጣው አልቋል። ሾፌሩ የመመለሻውን ካልተቀበለ ሞተር አያስነሳም። እኔ ነኝ "ዝፈኚ" ያልኳት፣ ሌሎቹ ዝም አሉ።

ዘፈነች። እኛ ከኋላ፣ ማብሰያ ቤቱ አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጥቶን ተቀመጥን፣ ድራመራችን የሰኔ ጾም ነው ብሎ ሽሮ አዘዘ፣ ሌሎቻችን ጥብስ። አዳራሹ ሙሉ ነው፣ ሰው ኢዱን ለብሶ መጥቷል፣ ሽቶውና እጣኑ ይሸታል። መጀመሪያ ሮክ አንድን ሞከሩ፣ ሁለት ደቂቃ አልሞላውም፣ ሰው ወሬውን ቀጠለ፣ ልጁ ቶሎ ገባው፣ እጁን ወደ ሌላ ቁልፍ ሰደደና ዝም ብሎ ባቲ ላይ ተቀመጠ። በዲስቶርሽን ያልተነካ፣ ሰው የሚያውቀው ባቲ። እሷ ቀና ብላ አየችው፣ ፈገግ አለች፣ ከዛ የገባችበት መንገድ... እንዴት እንደምለው አላውቅም። ከኛ ጋር ስትዘፍን ሁሌም ከጊታሩ ጋር ትታገል ነበር፣ ድምፁን ለማለፍ አንገቷ ላይ ያለው ስር ይገተራል፣ እኛ ያን ነበር "ኃይል" የምንለው። ያን ማታ አልታገለችም። ከፊት ያሉት ሴቶች እስክስታ ወረዱ፣ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ግንባሯ ላይ ብር ለጠፈ፣ ከዛ ሌላው፣ ከዛ ሌላው።

እና እኔ አጨበጨብኩ። ይሄ ነው የማይለቀኝ። ሰውዬው ባንዱን አስቀርቶ ምሽቱ ቢበላሽ እንዴት ደስ ባለኝ፣ ግን አልተበላሸም፣ አማረ። ወሎን በባቲ ልናስጨፍር ሄደን ወሎ ያለኛ ሲጨፍር አየን። ጊታሪስቱ ጥብሱን ሳይጨርስ ተነስቶ መኪናው ውስጥ ሄዶ ተኛ። ድራመሩ ብቻ ነበር የተዝናናው፣ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ "ይሄ ልጅ እኮ ጎበዝ ነው" ይለኛል።

ጠዋት መኪና ውስጥ ሽልማቱን ከቦርሳዋ አወጣችና ወንበሩ ላይ ዘርግታ አምስት ቦታ ከፈለችው። ብሩ ገና ላብ ላብ ይላል። ሁለቱ ጊታሪስቶች አንወስድም አሉ። "የኪቦርዱ ልጅ ድርሻ ነው፣ እሱ ነው የሠራው" አለ አንደኛው፣ ሊያበሽቃት። እሷም "ለሱማ ሰጠሁት፣ ከናንተ በፊት" አለችው። ድራመሩም እኔም ወሰድን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ነው ሰው ማውራት የጀመረው።

ዕቃው የማነው?

ለረጅም ጊዜ ነገሩን የጣዕም ጥያቄ አድርጌ ነበር የማየው። ሕዝቡ ሮክ አይገባውም፣ ወይ እኛ አልበሰልንም፣ ከሁለት አንዱ። አሁን እንደዛ አላስብም። ሰውዬው "ይሄ ሁሉ ምንድነው?" ማለት የቻለው ስፒከሩ የሱ ስለሆነ ነው። ሚክሰሩ የሱ፣ ማይኩ የሱ፣ መድረኩ የሱ፣ መብራቱ የሱ። እኛ ይዘን የሄድነው ተጨማሪውን ነው፣ ተጨማሪ ደግሞ ይቀነሳል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፣ እኛ በሰው ወርቅ ለመድመቅ ነበር ጣርማ በርን ያቋረጥነው።

ይሄን ማሰብ ከጀመርኩ በኋላ የድሮዎቹን ታሪክ ሳነብ ሌላ ነገር ነው የማየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው።) የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቴአትር ቤቶቹ፣ ሁሉም ዘንድ መሣሪያው የመንግሥት ነው፣ ሙዚቀኛው ደሞዝተኛ ነው፣ ሳክስፎኑን ሥራ ሲለቅ አስረክቦ ነው የሚወጣው። ከዛ ክለቦቹ መጡ፣ እዛ ደግሞ መሣሪያው የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ተጫዋች ሲቀይር መሣሪያው አይንቀሳቀስም፣ ሰው ነው የሚቀየረው። ዋልያስ ባንድን የተለየ ያደረገው እኔ እንደሚመስለኝ የሚነፉት ብራስ ብቻ አይደለም። የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው እንደ አንድ ቡድን መሥራታቸው ነው። ሂልተን አስር ዓመት ገደማ ሠሩ፣ ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ ማታ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፣ ስለዚህ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። እስኪ አስቡት፣ ደንበኛው መሄድ የማይችልበት ኮንሰርት። ለባንድ ከዚህ በላይ ትምህርት ቤት የለም፣ ይሄን የምለው በቅናት ነው።

በ1977 ቸ በለውን አሳተሙ፣ ያለ ድምፃዊ፣ ሙሉ አልበም በመሣሪያ ብቻ፣ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎኑን ይዞ አለበት። ያኔ ያን ማድረግ ድፍረት ነው። የካሴት ዘመን የነበረ ሰው ሽፋኑን ያስታውሳል፣ የዘፋኙ ፎቶ ሙሉውን ይይዛል፣ ከስር በጥቃቅን ፊደል "ከዋልያስ ባንድ ጋር"፣ "ከሮሃ ባንድ ጋር"፣ "ከዳህላክ ባንድ ጋር" ይላል። የአባቴ ካሴቶች አሁንም አሉ፣ ሮሃ ያለበትን ብቻ ለይቼ ልደረድር ብዬ መደርደሪያው ባዶ ሊቀር ሆነ፣ ከዛ ሁሉ ሽፋን ላይ ግን አንድም የቤዝ ተጫዋች ፊት የለም። ሰውዬው ኮምቦልቻ ላይ ያደረገው የካሴቱን ሽፋን ነው፣ አዲስ ነገር አልፈጠረም።

ዋልያሶች በ1981 አሜሪካ ሄዱ፣ ለስደት ለወጣው ወገናቸው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ተጫወቱ፣ ባንዱም እዛው ፈረሰ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬ አሜሪካ ቀሩ፣ ሌሎቹ አገር ቤት ተመለሱ። ግርማ ለብዙ ዓመት ሙዚቃውን ተወው። ኃይሉ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፣ ተራ እየጠበቀ በባትሪ ይለማመድበታል። በ2013 አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ያገኘውን የድሮ ካሴቱን እንደገና አሳተመለትና ሰውዬው በስልሳዎቹ መጨረሻ እንደገና ቱር ወጣ። ሰው ይሄን ሲያወራ ታክሲው ያሳዝነዋል። እኔን ታክሲው አያሳዝነኝም። ባንድ ፈርሶ፣ አገር ተቀይሮ፣ ኪቦርዱ የራሱ ነበር፣ የትም ይዞት ይሄዳል፣ የሚረከበው የለም።

ፓንኮቹም እንደዛው። ከኮምቦልቻ በኋላ ነው ስለ ዘ ኤክስ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። በ1979 አምስተርዳም አካባቢ ወጣቶች ባዶ ቤቶችን ሰብረው እየገቡ በሚኖሩበት ዘመን የተነሱ ናቸው፣ ስሙን የመረጡት ግድግዳ ላይ ቶሎ ስለሚጻፍ ነው ይባላል፣ ማን ጊታር ማን ድራም ይያዝ የሚለውን ደግሞ ዕጣ ተጣጥለው ነው የወሰኑት። ማናቸውም አይችሉም ነበር። ሸክላቸውን በራሳቸው ያሳትማሉ፣ አምፓቸውን በራሳቸው ይሸከማሉ፣ ማኔጀር የላቸውም፣ ከኮንሰርት በኋላ አልበማቸውን ጠረጴዛ ዘርግተው በራሳቸው ይሸጣሉ። ድራመሯ ካተሪና ቦርኔፌልድ ከ1984 ጀምሮ እዛው አለች። የመጀመሪያው ድምፃዊ ሰላሳ ዓመት ዘፍኖ በ2009 ሲለቅ ባንዱ አልፈረሰም፣ ሌላ ሰው ገባ፣ ቀጠሉ። ይሄን ሳነብ ቆሜ ነበር የጨረስኩት። ድምፃዊ ሲሄድ የማይፈርስ ባንድ እኛ አገር ስንት ነው?

ጌታቸውን ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። በ2002 ኢትዮጵያ መጡ፣ ከአዲስ አበባ ውጪም ዞረው ተጫወቱ። በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዙት፣ እሱም አያቸውና ቀጣዩን አልበም ከነዚህ ጋር ነው የምሠራው አለ። መረጣቸው። ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ ቴአትር ቤቱን፣ የፖሊስ ኦርኬስትራውን ያለፈ፣ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው፣ ዕድሜው ሰባ ሲጠጋ፣ የራሱን ዜማዎች ይዞ ለሆላንድ ፓንኮች "ይሄን አጅቡኝ" አላቸው። ሞአ አንበሳ በ2006 ወጣ፣ ከዛ አውሮፓን አብረው ዞሩ፣ ኒውዮርክም ሄዱ፣ በ2012 ሌላ አልበም ጨመሩ። ጌታቸው በ2016 እስኪሞት ድረስ ግንኙነታቸው አልተቋረጠም። ሽፋኑ ላይ ሁለቱም ስም እኩል ነው፣ ጌታቸው መኩሪያና ዘ ኤክስ። በጥቃቅን ፊደል የለም።

እርግጥ ሆላንድ ሆላንድ ነው። እዛ የሙዚቃ አዳራሾቹን ማዘጋጃ ቤት ይደጉማል፣ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ በአንድ ቀን ሦስት አገር ታቋርጣለህ። እኛ ጋ ጊታር ሲገባ ቀረጡ ራሱ ጊታሩን ያስረሳሃል። ፓንኮቹ እንዳደረጉት አድርጉ ብሎ መስበክ አይሆንም፣ የሚሰብክም አልጠፋም።

ዕቁብ

እኛ ያደረግነው ዕቁብ መጣል ነው። ሐሳቡ የድራመሩ ነው፣ እናቱ መርካቶ የዕቁብ ዳኛ ነበሩና ነገሩን ያውቀዋል። አምስታችን ብቻ ብንሆን የትም ስለማይደርስ የእህቶቻችንን፣ የጎረቤት፣ የልምምድ ቤቱን አከራይ ሳይቀር አስገባን፣ እማማ "ድምፁን ካሁን የባሰ ልታስጮሁብኝ ነው አይደል?" እያሉም ቢሆን ገቡ። ዕጣው ቀድሞ ለደረሰው ሰው ብር ጨምረን ተራውን ወሰድንና ሁለት ባለ 15 ኢንች ስፒከርና ባለ 12 ቻናል ሚክሰር ከአገር ከሚወጣ ሰው ላይ ገዛን። ያገለገለ ነው። አንዱ ስፒከር ፊቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፣ የሰው ጉልበት ቅርጽ።

ከዛ በኋላ ስልክ ሲደወል የምንለው ተቀየረ። "ሳውንዱ ከኛ ነው፣ የምንመጣው አምስት ሆነን ነው፣ ዋጋው ይሄ ነው።" የሚደውለው ሰው ቀነሰ፣ በጣም ቀነሰ፣ ግን የደወለ ሰው ማንን እንደጠራ ያውቃል። ድምፃዊያችንም ከጊታሩ ጋር መታገል ተወች፣ ምክንያቱም ሚክሰሩ አጠገባችን ነው፣ ጊታሩን ዝቅ የምታደርገው ራሷ ናት፣ በጣቷ፣ ዘፈኑ መሃል፣ ጊታሪስቱን ዓይን ዓይኑን እያየች። ባቲውን በዛ መልክ እንደገና ስንሠራው ከመጀመሪያው ቪዲዮ በጣም ይሻላል፣ ያየው ሰው ግን አስረኛውን አይሆንም።

ወደ ወሎ አልተመለስንም። ኮሮና መጣ፣ ከዛ ጦርነቱ፣ ያ መንገድ ራሱ ተዘጋ፣ ኮምቦልቻ ስሙ ሲጠራ የምንሰማው በዜና ሆነ። የኪቦርዱን ልጅ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፣ ስልኩን አልወሰድንም ነበር። ባንዱም ቀስ በቀስ ተበተነ፣ ማንም ማንንም ሳይጣላ። ድራመሩ ዱባይ ነው። ሂሳብ ሲመጣ የሚሰወረው ጊታሪስት ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቶ የቤት ዕቃ ያመላልሳል፣ አሁን ሸክሙ በደሞዝ ነው። ሌላኛው እዚሁ ባንክ ይሠራል። እሷ ስቱዲዮ ውስጥ ለሰው ድምፅ ትሰጣለች፣ እኔ ደግሞ ስፒከሮቹን ይዤ ቀረሁ።

ስፒከሮቹ ግን ሥራ አላቸው። ሰርግ፣ ልደት፣ ምርቃት፣ እሁድ እሁድ አከራያቸዋለሁ፣ ባንዱ በኖረበት ዘመን ሁሉ ካገኘው በላይ ብቻቸውን አስገብተዋል፣ ሂሳቡን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በየወሩ እለጥፋለሁ። አሁን የሚያጨቃጭቀን እሱ ነው። ሁለቱ ጊታሪስቶች ዋጋ እያለው ይሸጥና እንካፈል ይላሉ፣ ባንክ የሚሠራው እንዲያውም በኤክሴል ሠርቶ ልኮልናል፣ በየዓመቱ ስንት እንደሚረክስ። እሷ አይሸጥም አለች፣ ምክንያቷን አልጻፈችም። እኔም አይሸጥ ባይ ነኝ፣ የሚክሰሩ ሰባተኛ ቻናል ቢንጫጫም። ሁለት ለሁለት ነን፣ የቀረው የድራመሩ ድምፅ ነው፣ እሱ ደግሞ ሌሊት ፈረቃ ስለሆነ መልእክቱን ገና አላየውም።